እኩል ስርጉዶች

የከተማችን ጋዜጣ እናቴ ያረፈች ሰሞን ባወጣው አጭር የሐዘን ጽሑፍ «ብላዤና ቪኪዳሎቫ በፓምፕ ፋብሪካው ብረት ስትበሳ ዕድሜዋን የጨረሰች ታታሪ ሠራተኛ ነበረች» ይላል። ስህተት ነው። እናቴ አንድም ቀን ብረት በስታ አታውቅም። ሌላው ሰው የሚበሳበትን ቦታ የምታመለክት ነበረች። እንዲያርሙት ስልክ ደውዬ ስጠይቅ ጋዜጠኛዋ በትሕትና «ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው?» አለችኝ። በስልክ የሚመለስ አልነበረምና አመስግኜ ዘጋሁት። የምሠራው የአውራጃው መዝገብ ቤት ውስጥ ነው፤ ተሳስቶ የታተመ ነገር ከብዙ ዘመን በኋላ እውነት ተብሎ ሲጠቀስ በየጊዜው አያለሁ። ስለዚህ ልዩነቱን እዚህ እጽፈዋለሁ፤ ያየሁትን እንዳየሁት፣ የሰማሁትን ደግሞ ከማን እንደሰማሁት።

ከማቅለጫው የሚመጣ የፓምፕ ገላ ሻካራና ቀዝቃዛ ነገር ነው። የቱ ጋ እንደሚበሳ፣ የቱ ጋ እንደሚላግ በላዩ ላይ የሚናገር ምልክት የለውም። እናቴ በብሩሽ ኖራ ትቀባዋለች። ኖራው ሲደርቅ ፊቱ እንደ መስተዋት በተስተካከለ የብረት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ በስለታም መጫሪያ መስመር ታሰምርበታለች። ሁለት መስመሮች በሚገናኙበት ቦታ ላይ ጫፉ የሾለ አጭር የብረት ዘንግ ታቆምና በመዶሻ አንዴ ትመታዋለች። የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል ጉድጓድ ትቀራለች። ዘንጉን መሰርጎጃ እንለዋለን፣ ጉድጓዷን ስርጉድ። ጉንጭ ላይ ያለችውንም ብረት ላይ ያለችውንም የምንጠራው በአንድ ስም ነው፤ የፋብሪካ ወንዶች ይህን ቀልድ ሳይጠግቡት ነው ጡረታ የሚወጡት። እናቴ ደግሞ ስርጉድ ያላት በቀኝ ጉንጯ ብቻ ነበር።

«ብላዤንካ፣ የግራውን ማን ዘለለው?» ይላታል ብረት በሳጩ ሁዴጽ ስሟን አቆላምጦ፣ ምልክት በሚደረግበት አዳራሽ ባለፈ ቁጥር።

«ያንተ ፑንታ ስቶ ነዋ» ትለዋለች ቀና ሳትል።

የመሰርሰሪያው ጥርስ፣ ፑንታው፣ ሥራውን የሚጀምረው ከስርጉዱ ነው። አንዴ ስርጉዱ ውስጥ ጫፉን ካሳረፈ ወዴትም አይሄድም፤ ስርጉዱ ከሌለ ግን ብረቱ ላይ ይንሸራተትና የፈለገው ቦታ ይገባል። እናቴ ከመሃለኛው ስርጉድ ሌላ፣ ቀዳዳው በሚያርፍበት ክብ መስመር ዙሪያ ቀለል ያሉ ስርጉዶችን ትደረድራለች። እነዚህ ምስክሮች ይባላሉ። ቀዳዳው በትክክል ከተበሳ ፑንታው እያንዳንዱን ምስክር ለሁለት ይከፍለዋል፤ ግማሹ ይበላል፣ ግማሹ በጠርዙ ላይ ይቀራል። በአንድ በኩል ምስክሮቹ ሙሉ ሆነው ቆመው በሌላው በኩል ከጠፉ፣ የሳተው በሳጩ ነው። መስመሩና ምስክሮቹ ራሳቸው ቦታቸውን ከለቀቁ ደግሞ ጥፋቱ የአመልካቿ ነው። እናቴ ይህን ሥራ የመረጠችው፣ እንዳለችኝ፣ በዚህ ምክንያት ነው። ጭቅጭቅ አትወድም ነበር።

መንቀጥቀጡ የጀመረው በቀኝ እጇ አውራ ጣት ነው። መጀመሪያ ያየው አባቴ ነው። አባቴ ሌኦሽ ሳንባውን ማቅለጫው ውስጥ ጨርሶ ቤት ከዋለ ቆይቷል፤ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጦ የሚያየው ሌላ ነገር ስላልነበረው እኛን ያያል።

«በጣቶችሽ መሃል የምታድቦለብዪው ዳቦ ነው?» አላት ራት ላይ።

«ደክሞኝ ነው።»

«ትናንትም ደክሞሽ ነበር።»

«ትናንትም ሠርቻለሁ።»

ሾርባውን በግራ እጇ ጨረሰች። እኔ ያኔ ዩኒቨርሲቲ ነበርኩ፣ ለእረፍት መጥቼ ነው ያየሁት። ከዚያ ወዲያ አባቴ ስለ ዳቦው ደግሞ አላነሳም።

ያላነሳበት ምክንያት ቤቱ ነው። የምንኖርበት ቤት የፋብሪካው ነበር። መጀመሪያ በአባቴ ስም ነበር፤ እሱ ሲታመም በእናቴ ስም የዞረው አመልካች የሚባል ሙያተኛ ስለማይገኝ ነው። ከጠረጴዛው ከተነሳች ቤቱ በእሷ ቦታ ለሚመጣው አመልካች ይሰጣል። ወደ በር ጠባቂነት ወይም ወደ ልብስ ማስቀመጫ ያዛውሯት ይሆናል እንጂ ከሥራ አያባርሯትም፤ ግን ለበር ጠባቂ ቤት አይሰጥም፤ ቤቱን ይዞ የሚቀረው በዚያው ጠረጴዛ ላይ ጡረታ የደረሰለት ብቻ ነው። እኛ የሚቀረን የአባቴ ወንድም ቤት ያለው አንድ ምድር ቤት ክፍል ነው። ግድግዳው ከመኸር እስከ ፋሲካ ውሃ ያዝላል። የሳንባ ሐኪሙ ለእናቴ በግልጽ ነግሯታል፤ አባቴ እዚያ አንድ ክረምት አይወጣም ብሎ።

የፋብሪካው ሐኪም መልካም ሰው ነበር፤ ችግሩ እሱ የሚጽፈው ወረቀት ሁሉ በማግስቱ አስተዳደር ክፍል መድረሱ ነው። እናቴ ሐኪሙ በኮሪደር ሲያልፍ እጇን የሽርጧ ኪስ ውስጥ ትከታለች።

የሚገርመው እጇ ሲሠራ መንቀጥቀጡ ጋብ ይል ነበር። የከዳት መዶሻው ነው። መዶሻ ከመውረዱ በፊት ላይ ሆኖ ለአፍታ ይቆማል፤ በዚያች አፍታ እጇ ብቻውን ይቀራል። ምቱ ዘንበል ብሎ ይወርድና ስርጉዱ ከመስመሩ ይወጣል። የተበላሸ ስርጉድን ማዳን ይቻላል፤ በአግድም መትቶ ወደ ቦታው መመለስ። እሱም ግን መዶሻ ይፈልጋል።

የመሣሪያ ግምጃ ቤቱን መስኮት የሚጠብቀው ቫቭሪክ ይባላል። ሚስቱ የሞተችበት፣ ከእናቴ ትንሽ የሚበልጥ፣ በሁሉም ላይ የሚያላግጥ ሰው። የሚቀጥለውን የነገረኝ እሱ ነው። እናቴ ታሪኩን ሰምታ ሁለት ቦታ ላይ ብቻ አርማዋለች።

«ባለ ሞላውን መሰርጎጃ እፈልጋለሁ» አለችው።

«ባለ ሞላ መሰርጎጃ የሰነፍ ነው ስትዪ አልነበር?»

«ሰነፍኩ።»

ባለ ሞላው መሰርጎጃ መዶሻ አይፈልግም። ጫፉን ብረቱ ላይ አሳርፎ ጭንቅላቱን መጫን ነው፤ ውስጡ ያለው ሞላ እየታመቀ፣ እየታመቀ ሄዶ በድንገት ሲለቅ፣ ውስጥ ያለች ትንሽ መዶሻ ጫፉን ከላይ ትመታዋለች። አንድ እጅ ይበቃል። ከውጭ የሚወዛወዝ ነገር የለም። ችግሩ ጥሩው ጥቂት፣ መጥፎው ብዙ መሆኑ ነው፤ መጥፎውን ከያዙ ከመዶሻው የባሰ ነው።

ቫቭሪክ መጀመሪያ ግምጃ ቤቱ ለሁሉም የሚያድለውን ሰጣት። እናቴ አልተጫነችውም። ጠረጴዛው ላይ አጋድማ አንከባለለችውና ዓይኗን ጫፉ ላይ አደረገች። ገላው ቀጥ ብሎ ሲንከባለል ጫፉ ክብ ይሠራል።

«ይሄ ይጨፍራል» አለች።

ሁለተኛው ከከተማው የብረታ ብረት ሱቅ የተገዛ፣ አዲስና የሚያብለጨልጭ ነበር። ሲንከባለል ጫፉ አልተነቃነቀም። ሞረድ አንስታ ጫፉን በቀስታ ብትነካው ሞረዱ ነከሰው። ደህና የጠነከረ ጫፍ ላይ ሞረድ መንሸራተት አለበት።

«ቅቤ ነው» አለች። ያም ሆኖ አልፈረደችበትም፤ ቁራጭ ብረት ላይ ደጋግማ ተጫነችው። አንዱ ጠለቀ፣ አንዱ ላይ ላዩን ጫረ፣ አንዴ ጭራሽ አልመታም፣ አንዴ ደግሞ ሁለት ጊዜ መታ። በመታ ቁጥር የኃይሉ መጠን የሚስተካከልበት ጭንቅላት ራሱ እየተፈታ ነበር። «ይሄ እንደ ስሜቱ ነው የሚመታው።»

«እንደ አለቃችን» አለ ቫቭሪክ።

«አለቃችን ሁለት ጊዜ አይመታም።»

ቫቭሪክ ይህን ሲሰማ መሳቢያውን ከፍቶ ከታች አንድ የወንድ ካልሲ አወጣ። ጥቁር ነበር አለኝ፤ እናቴ ግን ቡናማ ነው ብላለች፣ ይህ የመጀመሪያው እርማት ነው። ካልሲው ውስጥ ያለው መሰርጎጃ ያብለጨልጭ አልነበረም። ገላው ዘይት በነካው እጅ እንኳን እንዳያንሸራትት በጥቃቅን ጥርስ የተፈለፈለ ነው፤ ከበድ ይላል። እናቴ አንከባለለችው፤ ጫፉ አልጨፈረም። ሞረዱ ላዩ ላይ ተንሸራተተ። ጭንቅላቱን ስታዞረው ባቆመችበት ቀጥ ይላል። ከዚያ ቁራጩ ብረት ላይ አንድ ረድፍ መታችና አጉሊ መነጽሯን ዓይኗ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለች። እንደገና መታች። እንደገና ጎንበስ አለች።

«ከየት ነው?»

«የባለቤቴ ወንድም ከወሰን ማዶ፣ ከኦስትሪያ ያመጣው ነው። ለራሱ ብሎ ነበር፤ ሳይሠራበት ሞተ።»

«ካልሲ ውስጥ ለምን?»

«የካልሲው ሌላኛው እግር ስለጠፋ።»

መልሳ ልትሰጠው እጇን ዘረጋች። ቫቭሪክ አልተቀበላትም። የተዘረጋውን እጅ አየው፤ እሷም ሲያይ አየችው።

«ውሰጂው» አለ ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዙሮ። «ማንም ቢጠይቅሽ ግምጃ ቤት አያውቀውም።»

አጠቃቀሙን አንድ እሁድ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ በቁራጭ ቆርቆሮ አሳይታኛለች። ጫፉን አጋደል አድርጋ በአንዱ መስመር ላይ ታስኬደዋለች። መስመሩ ጫፉን እንደ ቦይ ይዞት ይሄዳል። ሁለተኛው መስመር ጋ ሲደርስ ትንሽ እንቅፋት ለጣት ይሰማል፤ በዓይን ሳይሆን በጣት ነው የሚታወቀው። እዚያ ላይ ቀጥ አድርጋ ታቆመዋለች፤ ከተጋደለ ስርጉዱም ይጋደላል። ትንሿን ጣቷን ብረቱ ላይ ትተክላለች፣ መዳፏን ጭንቅላቱ ላይ ታሳርፋለች፣ ከዚያ በክንዷ ሳይሆን በትከሻዋ ትጫናለች። ለምስክሮቹ ጭንቅላቱን ታላላዋለች፣ ለመሃለኛው ታጠብቀዋለች። የጠነከረ ብረት ላይ አትሞክረውም። ጫፉ ሲደነዝዝ በመሳያ ድንጋይ ላይ ትንሽ ትንሽ እያለች፣ በየመሃሉ ውሃ ውስጥ እየነከረች ትስለዋለች፤ ከጋለና ሰማያዊ ከሆነ ጥንካሬው አለቀ።

እጇ በክብደቷ ሥር ሲሆን አይንቀጠቀጥም ነበር። አየር ላይ የሚቀር ነገር የለማ።

«ቀለለሽ?» አልኳት።

«መዶሻ ሲሆን የምትመቺው አንቺ ነሽ» አለችኝ። «ይሄ መቼ እንደሚመታ የሚያውቀው ራሱ ነው። አንቺ ተጭነሽ መጠበቅ ነው።»

ትልልቆቹ የፓምፕ ገላዎች ውስጣቸው ሰው ያስገባል። እዚያ መዶሻ የሚወዛወዝበት ስፍራ ስለሌለ፣ ባለ ሞላ ይዞ መግባት ማንንም አያስገርምም። ሌሎቹ አመልካቾች ይህን ሥራ ይሸሹታል፤ እናቴ እየጠየቀች ትወስደው ጀመር። በጎኗ ተኝታ፣ መብራቷን ጭንቅላቷ አጠገብ አድርጋ፣ ብርዱ በካፖርቷ እየገባ ትውላለች። በውስጡ ማንም አያያትም። አንድ ቀን ረስታው የሄደችውን ስብ የተቀባ ዳቦ ላደርስላት ሄጄ ከገላው አፍ የወጡ እግሮቿን ብቻ አገኘሁ። ብረቱን በቁልፍ መታ መታ አደረግሁት።

«አታንኳኪ» አለች ከውስጥ። «ውስጡ ሰው አለ፤ ስትመቺው እዚህ እንደ ደወል ነው የሚጮኸው።»

«ለምሳ አትወጪም?»

«ከወጣሁ ደግሞ መግባት አለ።»

ዳቦውን ከእግሮቿ አጠገብ አስቀምጬ ሄድኩ።

በዚያው ዘመን ፊቷ ጸጥ አለ። ሁዴጽ እንደ ልማዱ «ብላዤንካ፣ ስርጉድሽን በሙሉ ለብረት ሰጥተሽ ጨረስሽ እንዴ?» ሲላት መልስ ትሰጠዋለች፣ ጉንጯ ግን አይከተላትም። ሰዎች ኮራች አሉ። ሁዴጽ ተቀይማኛለች ብሎ ተቀየማት። ሕመሙ የፊትን ጡንቻ እንደሚይዝ እኛ ቤት እንኳን የሚያውቅ አልነበረም።

ከዚያ የአንድ ትልቅ ፓምፕ ክዳን ቀዳዳው ስቶ ተበሳ። ክዳኑ ከማቅለጫው እንደገና ካልመጣ ፓምፑ አይሄድም። ሁዴጽ አዳራሹ መሃል ቆሞ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናገረ።

«አለቃ፣ እኔ ፑንታዬን ስርጉዱ ውስጥ ነው ያስገባሁት። ስርጉዱ ጠማማ ከሆነ እኔ ምን ላድርግ? አመልካቿን ጠይቃት።»

ፎርማን ናክላዳል ከባድ ሰው ነው፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ከመናገሩ በፊት የሚያይ። እናቴ ከጠረጴዛዋ አልተነሳችም። በምስክሮቹ እርግጠኛ ነበረች፤ በእጇ ግን እርግጠኛ አልነበረችም። ከዚያች ደቂቃ በፊት፣ ኋላ እንደነገረችኝ፣ ሕይወቷን ሙሉ የራሷን ሥራ ተጠራጥራ አታውቅም።

ናክላዳል አጉሊ መነጽሩን አውጥቶ ክዳኑ ላይ ጎንበስ አለ። ዙሪያውን ሄደ።

«ሁዴጽ፣ ና እይ።»

«ምን ልይ?»

«መስመሩ ቦታው ላይ ነው። በዚህ በኩል ምስክሮቹ ሙሉ ናቸው፤ በዚያ በኩል አንድም የለም። ፑንታህን መቼ ነው የሳልከው?»

«ጠዋት።»

«የየትኛው ሳምንት ጠዋት?»

አዳራሹ ሳቀ። ሁዴጽ ቆቡን አውልቆ ራሱን አከከና ወደ ማሽኑ ሄደ። ሰውም ተበተነ። ናክላዳል ግን ከክዳኑ አልተነሳም። መነጽሩን ከአንዱ ምስክር ወደ ሌላው እያሻገረ ሲያይ ቆየ፤ ጥፋተኛው ከታወቀ በኋላ የሚፈለግ ነገር ያለ ይመስል። እናቴ ይህን ከጠረጴዛዋ ሆና አየች።

«ብላዤና፣ አንዴ ወደ እኔ» አላት ሲያልፍ።

በመስታወት የታጠረችው ቢሮው ውስጥ የተባለውን እናቴ ነገረችኝ፤ በተለያየ ጊዜ ደጋግሜ ጠይቄያታለሁ፣ ቃሉ አልተለዋወጠም።

«የስንቱን ሰው ስርጉድ አውቃለሁ መሰለሽ» አለ ናክላዳል። «ኮውትኒ ሲመታ ወደ ግራ ያዘነብላል። ሟቹ ፕሺክሪል ከምሳ በኋላ ያጠልቀው ነበር፣ ከቢራው ጋር። ያንቺ የመጀመሪያው ሁልጊዜ ቀለል ይላል። ፈራ ብለሽ ትጀምሪያለሽ፣ ከሁለተኛው ጀምሮ ትደፍሪያለሽ። ከመጣሽ ጀምሮ እንደዚያ ነው።»

«አሁንስ?»

«አሁን ሁሉም እኩል ናቸው።»

«እኩል መሆን ጥፋት ነው?»

«አይደለም። ከዚህ የተሻለ አይቼ አላውቅም። ውስጥ ለምትሠሪው ገብቶኛል፣ መዶሻ አይወዛወዝም። ይሄ ግን ክዳን ነው። ጠረጴዛ ላይ፣ በሰፊው ቦታ የተሠራ ነው።»

ከመሳቢያው ተራ መሰርጎጃና መዶሻ አውጥቶ ከቁራጭ ብረት ጋር ፊቷ አኖረ።

«እስቲ አንድ ምቺልኝ።»

እናቴ መዶሻውን አነሳች። ላይ እንዳደረሰችው ቆመ። ሳትመታ መልሳ ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ናክላዳል በመስታወቱ ወደ አዳራሹ እያየ ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ካቻምና።»

«ሐኪሙ አይቶሻል?»

«አላየኝም።»

«ካየሽ ወረቀት ይጽፋል። ወረቀቱ እኔ ዘንድ ከመጣ አላየሁም ማለት አልችልም።»

«አውቃለሁ።»

«ሌኦሽ እንዴት ነው?»

«ቤቱ ደረቅ ነው። ይተነፍሳል።»

ናክላዳል መዶሻውን ወደ መሳቢያው መለሰ።

«የገላዎቹን ውስጥ የሚያመለክትልኝ ሌላ ሰው የለኝም» አለ። «እንግዲያው እኔ ያየሁት የለም። አንቺም አልታመምሽም። ሐኪም ጋ የሚባል ነገር የለም፤ የፋብሪካውም ሆነ የከተማው፣ የከተማውም ወረቀት እዚሁ ነው የሚመጣው።»

«እስከ መቼ?»

«ጡረታሽ እስኪደርስ።»

ደግነት ነበር ወይስ ሌላ ነገር ብዬ ጠይቄያታለሁ። «ሲናገረው ደግነት ነበር» አለችኝ። «ወጥቼ በሩን ስዘጋው ነው ሌላ የሆነው።»

ቫቭሪክ ነገሩን ሲሰማ መላ አመጣላት። በየመሃሉ ጭንቅላቱን ዞር ዞር አድርጊው፣ አንዱ ይጥለቅ፣ አንዱ ይቅለል፣ የመጀመሪያውን በተለይ አቅልዪው፤ በመዶሻ የተመታ ይመስላል አላት። ሌላ የሚያይ ሰው ቢመጣ እንኳን ይሸፍናታል። ቁራጭ ብረት ላይ ሞከረችውና መሣሪያውን አስቀመጠች።

«እያወቅሁ መጥፎ ስርጉድ? እጄ እንቢ አለ።»

«እጅሽማ ከእንቢታ ሌላ ምን ያውቃል» አላት።

ሁለታችንም ሳቅን ብሎኛል ቫቭሪክ። እናቴ «እኔ አልሳቅሁም» ብላለች፤ ሁለተኛው እርማት ይህ ነው። እኔ ግን እዚህ ላይ ማንኛቸው ትክክል እንደሆኑ ማወቅ አልችልም። ስቃ ፊቷ አላሳየላት ይሆናል።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት አንድ ዓይነት ናቸው። ጉንፋን ሲይዛት የሕመም ፈቃድ አትወስድም። በረዶ አዳልጧት አንጓዋ ሲያብጥ ያሰረላት አባቴ ነው፣ በአልጋ ልብስ ቅዳጅ። የገበያ ማስታወሻዋ ፊደል እያነሰ፣ እያነሰ ሄዶ ባለ ሱቋ እኔን «እናትሽ ወረቀት ትቆጥባለች» እስክትለኝ ደረሰ። አዳራሹ ውስጥ ፈጥና መራመድ ስላቃታት ከሁሉም ቀድማ ትገባለች፣ ከሁሉም ኋላ ትወጣለች፣ ሰውም ትጉህነት ይለዋል። ናክላዳል የገላዎቹን ሥራ በሙሉ ለእሷ ያደርግ ጀመር። ከውጭ ላየው ሰው ውለታ ነው። እናቴም ወደዚያ ብረት ውስጥ ስትገባ ትረጋጋለች፣ ከዚያ ስትወጣ ዙሪያዋን ታያለች። የእሷ ስርጉድ የሳተበት ሥራ አልተመለሰም። ይህን በእርግጠኝነት የምጽፈው ናክላዳል ራሱ ስለነገረኝ ነው፤ ሲነግረኝም ደስ ብሎት አልነበረም።

አባቴ ሐኪሙ ከገመተለት በላይ ኖረ። በመስኮቱ ሥር፣ በደረቁ ቤት፣ ሳይሰቃይ ነው የሞተው። እናቴ ጡረታ ከወጣች በኋላ ነበር። እሷ የገዛችው ነገር ይህ ነው፣ ተቀብላዋለችም።

ጡረታ በወጣች በሳምንቱ ኦሎሞውጽ ከተማ ወስጄ ሐኪም አሳየኋት። ሐኪሙ ወጣት ነው። እጇን አጠፈ፣ ዘረጋ፣ በኮሪደሩ አስኬዳት፣ ዞር በይ አላት። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ሲጠይቃት ሳትደባብቅ ነገረችው። ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«መድኃኒቱ ያኔም ነበረኮ፣ እማማ።»

«ሥራ ነበረኝ» አለች።

«አያድንም፤ ግን እነዚያ ዓመታት ይቀሉልሽ ነበር።»

«ሥራ ነበረኝ» አለች እንደገና፤ ያልሰማት መስሏት።

መድኃኒቱ ረዳት። እጇ ጋብ አለ። እግሯ ግን የራሱን መንገድ ይዞ ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ፋብሪካው ቤቶቹን ለነዋሪዎቹ ሸጠ፤ የእኛም የእሷ ሆነ። አራተኛ ፎቅ ነው፣ አሳንሰር የለውም። መጀመሪያ በከዘራ ትወርድ ነበር፣ ከዚያ የደረጃውን እጀታ በሁለት እጇ ይዛ፣ ከዚያ በእኔ ትከሻ። ከዚያ መውረድ አቆመች። ደረጃ የሌለው፣ የአትክልት ቦታ ያለው ቤት አገኘሁላት።

«ይሄን ቤት ማን ነው ያቆየው?» አለችኝ።

«አንቺ።»

«ታዲያ ለማን ትቼው ልሂድ?»

ዕቃዬን ይዤ እሷ ዘንድ ገባሁ።

የመጨረሻው በጋ ላይ ናክላዳል መጣ። ጉልበቱ አልቆ ነበርና ደረጃውን ሊወጣ አልቻለም፤ ግቢው ውስጥ ከልብስ ማድረቂያው ገመድ ሥር ቆሞ ጠራት። እስከ መስኮቱ ደግፌ አመጣኋት። ድምፅዋ በዚያን ጊዜ ከሹክሹክታ ብዙም አያልፍም፤ ከአጠገቧ ለቆመ ይሰማል፣ ለግቢው ግን አይደርስም። ስለዚህ በመሃላቸው የምጮኸው እኔ ሆንኩ።

«ብላዤና፣ እንዴት ነሽ?» አለ ከታች።

«ቤቱ ደረቅ ነው በያቸው።»

«ቤቱ ደረቅ ነው ትላለች» አልኩ።

ናክላዳል ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ አዞረው። አንዲት ጎረቤት አንሶላ እያወረደች ነበር፤ እስክትሄድ ጠበቀ።

«ያኔ ሐኪም ጋ ሂጂ ማለት ነበረብኝ» አለ። ድምፁን ከፍ ማድረግ ነበረበት፤ እንዲህ ያለ ነገር ከፍ ባለ ድምፅ መናገር ለማንም አይመችም። «ይሄን ንገሪያት።»

መንገር አላስፈለገም፤ ሰምታዋለች። ፊቷን አየሁ። ከፊቷ የሚነበብ ነገር ከጠፋ ቆይቷል። መስኮቱን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ታች አየች፤ ናክላዳልም ባርኔጣውን ይዞ ይጠብቅ ነበር።

«ምን ልበላቸው?» አልኳት።

ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ጆሮዬን ሳስጠጋ ቃሉ ገና አልወጣም ነበር።

ናክላዳል ከታች «ልውጣ እንዴ? ቀስ ብዬ እሞክራለሁ» አለ።

«አይውጡ በያቸው» አለችኝ። «ከወጡ በኋላ ማን ያወርዳቸዋል።»